ኢሜይልን መመስጠር፦ የሚባለውና እውነታው

ስድስት ኪሎ አካባቢ ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ላፕቶፗን ከፍታ አሳየችኝ። ለጥናቷ ያነጋገረቻቸውን ሰዎች ቃለ መጠይቅ በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ለአማካሪዋ ልትልክ ነው። ሰዎቹ ማንነታችን እንዳይታወቅ ብለው ቃል አስገብተዋታል። «ጋሼ፣ ይህማ ተቆልፏል» አለችኝ፣ በማሰሻው አናት ላይ ያለችውን የቁልፍ ምልክት በጣቷ እየነካች። ይህንኑ ከመምህራንም ሰምቼዋለሁ።

«የቁልፍ ምልክቱ ካለ ደብዳቤው ተመስጥሯል»

ምልክቱ የሚናገረው ከላፕቶፑ እስከ ሰርቨሩ (ኢሜይሉን እስከሚያስቀምጠው የአገልግሎቱ ኮምፒውተር) ስላለው መንገድ ብቻ ነው። ቲኤልኤስ የሚባለው ይህ ጥበቃ ደብዳቤውን በቡና ቤቱ ዋይፋይ ላይ ከሚያደባ ሰው ይሰውረዋል፤ ሰርቨሩ ዘንድ ሲደርስ ግን ይፈታል። እዚያ የማስተዳደር ሥልጣን ያለው፣ ወይም የተማሪዋን የይለፍ ቃል የሰረቀ ሰው ሊያነበው ይችላል። አገልግሎቱን የሚሰጠው ጉግል ወይም ማይክሮሶፍት ቢሆንም መፍቻው ብዙውን ጊዜ በአገልግሎት ሰጪው እጅ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ምስጠራ የሚባለው ሌላ ነው፤ ደብዳቤው በላኪው ኮምፒውተር ላይ ተቆልፎ የሚከፈተው ተቀባዩ ጋ ብቻ ነው።

«የኮምፒውተር ባለሙያ ያልሆነ ሰው አይችለውም»

ፊል ዚመርማን ፒጂፒ የተባለውን የመመስጠሪያ ፕሮግራም ባወጣበት በ1991 (እ.ኤ.አ.) ይህን ያለ ሰው አልተሳሳተም ነበር። ከ2020 ወዲህ ግን ተንደርበርድ የተባለው የኢሜይል ፕሮግራም ከፒጂፒ የተገኘውን የምስጠራ ስልት፣ ኦፕንፒጂፒን፣ በውስጡ ይዞ ይመጣል። በአካውንቱ ቅንብር ስለ ከጫፍ እስከ ጫፍ ምስጠራ የሚናገረውን ክፍል ከፍተን አዲስ ቁልፍ (የይፋና የግል የሚባሉ ጥንድ) እንዲፈጠር አዘዝን፤ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ሥራው አለቀ። የቁልፉን ዕድሜ ፕሮግራሙ ራሱ 3 ዓመት ብሎታል፤ ለማስተርስ ይበቃል ብለን ተውነው (አንዳንዱ ማስተርስ ግን እንጃ)። እንቅፋት የሚገጥመው ዩኒቨርሲቲው ከማሰሻ ውጪ ባለ ፕሮግራም ኢሜይል ማውጣትን ከዘጋ ነው። ያኔ ወይ እንዲከፍቱ መጠየቅ፣ ወይ በማሰሻው ላይ በሚጨመረው ሜይልቨሎፕ መጠቀም ነው።

«የይፋ ቁልፌን የያዘ ሁሉ ደብዳቤዬን ይከፍታል»

ጥፋቱ የስሙ ነው። የይፋ ቁልፍ የሚሉት መክፈቻ አይደለም፤ ክፍት ጓጉንቸር ነው ብሎ ማሰብ ይቀላል። ጓጉንቸሩን ለፈለጉት ያድሉታል፤ ማንም ሊዘጋው ይችላል፤ የሚከፍተው ግን በባለቤቱ ኮምፒውተር ላይ የቀረው የግል ቁልፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ተማሪዋ ለአማካሪዋ ስትጽፍ የምትዘጋው በአማካሪዋ ጓጉንቸር ነው። እሱ ጓጉንቸር ከሌለው የሷ ዝግጅት ብቻውን አይበቃም።

የሚያሰጋው ሌላ ነገር ነው፦ ጓጉንቸሩ በእርግጥ የአማካሪው ነው? በማንም ስም ቁልፍ መፍጠር ይቻላል። ቁልፎች ከሚሰባሰቡባቸው ሰርቨሮች አድራሻውን የሚያረጋግጡ አሉ፤ የሚያረጋግጡት ግን ወደ አድራሻው የተላከውን መልእክት አንድ ሰው መክፈቱን ነው። አካውንቱን የሰረቀ ሰውም ይከፍተዋል። ስለዚህ ተማሪዋ አማካሪዋ ቢሮ ሄደች። የቁልፉን አሻራ፣ ማለትም ቁልፉን ከሌላው የሚለዩትን 40 ፊደልና ቁጥር፣ እሱ ከራሱ ኮምፒውተር አራት አራት እያደረገ አነበበ፤ እሷ በላፕቶፗ ላይ ያለውን እየተከተለች በእርሳስ ምልክት አደረገች። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ እኔ ግን ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ አይቅር እላለሁ።

«ከተመሰጠረ ሁሉም ነገር ተደብቋል»

ማን ለማን፣ በስንት ሰዓት እንደ ጻፈ በግልጽ ይታያል። የደብዳቤው ርዕስ ደግሞ እንደ ፕሮግራሙ ነው። ተንደርበርድ በሦስት ነጥቦች ተክቶ ይሰውረዋል፤ ሜይልቨሎፕ ግን ክፍቱን ይተወዋል። የተማሪዋ ረቂቅ «የመርካቶ ሴት ነጋዴ፣ ቃለ መጠይቅ 3» የሚል ርዕስ ነበረው። ውስጡን ቆልፎ ፖስታው ላይ ስም መጻፍ ማለት ነው። «ሰነድ» ብላ ቀየረችው።

«ቁልፉ ቢጠፋ ዩኒቨርሲቲው ይመልሰዋል»

የአካውንቱን የይለፍ ቃል ይመልሳል፤ የግል ቁልፉን ግን ከየት ያመጣዋል? እጁ ላይ ኖሮ አያውቅም። አንድ ወዳጄ ላፕቶፑን ፒያሳ አሠርቶ ሲቀበል ዲስኩ ተጠርጎ ነበር፤ ጠራጊውም አስቀድሞ ጠይቆት ነበር። ደብዳቤዎቹ ዛሬም ኢሜይሉ ውስጥ አሉ፣ የሁለት ዓመት፣ አንዱም አይነበብም። ተንደርበርድ የግል ቁልፉን በይለፍ ቃል በተዘጋ ፋይል ገልብጦ ይሰጣል። ተማሪዋ በሁለት ፍላሽ ገለበጠችው፤ አንዱ እናቷ ቤት ነው። በፕሮግራሙም ላይ ዋና የይለፍ ቃል አደረገች፣ አለበለዚያ ላፕቶፑን የወሰደ ቁልፉንም ወስዷል።

በማግስቱ አማካሪዋ ደወለላት። በስልኩ ማሰሻ ኢሜይሉን ከፍቶ ኖሯል።

«ልጄ፣ ባዶ ደብዳቤ ነው የላክሽልኝ። ኢንክሪፕትድ ነጥብ ኤኤስሲ የሚባል ነገር ብቻ ተያይዟል።»

«እሱ ነው ዶክተር» አለችው። «ቢሮዎ ሲገቡ ይክፈቱት።»