«ሶሪ» ሲሉን ምን ማለታቸው ነው?

አክስቴ አሜሪካ በገባች በዓመቷ የእናቷን መርዶ ሰማች። ሥራ ቦታ አንዷ ባልደረባዋ ጠጋ ብላ እጇን ያዘችና «አይ አም ሶ ሶሪ» አለቻት። አክስቴ ግራ ገባት። ማታ ደውላ «ምን በድላኝ ነው ይቅርታ የምትጠይቀኝ?» አለችኝ።

ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ትምህርት ቤት «ሶሪ ማለት ይቅርታ ነው» ተብለን ነው ያደግነው። ያ ግን የቃሉ ግማሽ ነው። ሶሪ የመጣው በጥንቱ እንግሊዝኛ ሕመምና ቁስል ማለት ከነበረው «ሳር» ከሚል ቃል ነው። ዛሬ ጉሮሮ ሲከረክር «ሶር ስሮት» የሚሉትም ከዚያው ነው። ሶሪ ያለ ሰው እንግዲህ መጀመሪያ የሚናገረው የራሱን ስሜት ነው። አሞኛል፣ ከፍቶኛል ነው የሚልሽ። ያመመው በድሎሽ ይሁን አዝኖልሽ፣ ከሁኔታው ትረጃለሽ።

የእኛ «ይቅርታ» ሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። «ቀረ» ከሚለው ነው። ነገሩ ይቅርልኝ፣ ተይልኝ እያልን እንለምናለን። ለዚህ ነው ለቅሶ ቤት ገብተን ይቅርታ የማንለው። ለለቅሶ «እግዜር ያጽናሽ» አለን። ሰው ሲደናቀፍ ደግሞ «እኔን!» እንላለን። ይህቺን ቃል በጣም ነው የምወዳት፤ የአንቺ ጉዳት በእኔ ይሁን ማለት ናት።

ሶሪ እንዲህ ሁለት ፊት ስላለው አገር ያነጋገረበት ጊዜም አለ። አውስትራሊያ ውስጥ መንግሥት የነባሩን ሕዝብ ልጆች ለብዙ ዓመታት ከወላጆቻቸው እየነጠቀ ወስዷል። በ1999 እ.ኤ.አ. ፓርላማው «ልባዊ ጸጸት» የሚል ውሳኔ አሳለፈ፤ ሶሪ የምትለዋ ቃል ግን አልነበረችበትም። ሕዝቡ እሷኑ ነበር የሚጠብቀው። ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቨን ራድ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2008 ፓርላማ ቆመው ሶሪ ሲሉ ብዙ ሰው አለቀሰ። በካናዳ ኦንታሪዮ ደግሞ በ2009 የወጣ ሕግ አለ፤ ሶሪ ያለ ሰው ጥፋቱን አምኗል ተብሎ ቃሉ በፍትሐ ብሔር ክርክር ማስረጃ እንዳይሆንበት ይከለክላል።

በየቀኑ የምንሰማው ቀለል ያለ ነው። ድምፅ ከፍ ብሎ «ሶሪ?» ከተባለ «አቤት? አልሰማሁም» ነው። ሰው መሀል ለማለፍም ይባላል። «አይ ፊል ሶሪ ፎር ዩ» ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ፤ «ታሳዝናለህ» ዓይነት ስለሚሆን ሊያስከፋ ይችላል።

አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ እግር ረግጠን «ውይ ሶሪ!» እንላለን፣ ያስኬዳል። ለከባድ በደል ግን፣ በተለይ ለትልቅ ሰው፣ ሶሪ በአማርኛ ውስጥ በጣም ትቀላለች። እዚያ ላይ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ነው የሚያምረው።

አክስቴ ያን ቀን ለባልደረባዋ «ኖ ፕሮብሌም» ብላ ነበር የመለሰችው። ለሐዘን ሶሪ ሲሏችሁ መልሱ «ታንክ ዩ» ነው።