ከሳልባጅ ሹራብ ብርድ ልብስ፦ የኪሮሽ ሥራ በሰሜን ሸዋ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መንዝ ከዚያም ከፍ ይላል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል። ስለዚህ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ስለ ብርድ ልብስ ሲወራ ስለ ጌጥ አይደለም የሚወራው።

አገሩ ድሮም የሱፍ አገር ነው። የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ ነው። ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ሸማኔ ይሠራዋል፣ ባና የሚባለው ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ደግሞ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። ኪሮሽ ግን ሌላ መንገድ የመጣ ሙያ ነው። ቃሉ ራሱ ከፈረንሳይኛ ነው፤ ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። እኛ ጋ መንጠቆውንም ሥራውንም ኪሮሽ እንላቸዋለን። ብዙ ጊዜ የሚሠራበትም ዳንቴል ነበር፤ የቴሌቪዥን ልብስ፣ የሶፋ ልብስ፣ የትራስ ጠርዝ።

ከዳንቴል ወደ ብርድ ልብስ ሲታለፍ ችግሩ ክር ነው። ኪሮሽ ክር ይበላል። አዲስ ድውር እየገዙ አንድ አልጋ ማልበስ ኪስ ያራቁታል። መላው ሳልባጅ ነው። የተዘረጋው ክምር ውስጥ ገብቶ ትልቅ የወንድ ሹራብ መፈለግ። ክንዱ የተቀደደ ቢሆን ግድ የለም፤ እንዲያውም ዋጋ ይቀንሳል።

ሙያው ያለው ከመንጠቆው ይልቅ እዚህ ምርጫ ላይ ነው ባይ ነኝ። ሹራቡን ገልብጦ የጎኑን ስፌት ማየት ያስፈልጋል። ጠርዙ ተቆርጦ በኦቨርሎክ (ጠርዝ በሚዘመዝም ማሽን) የተመታ ከሆነ ይቅርብዎ። ሲተረተር ክንድ ክንድ የሚያህል ቁርጥራጭ ብቻ ነው የሚወጣው። ጠርዙ ሳይቆረጥ ጎንና ጎኑ የተገጣጠመ ከሆነ ግን የስፌቱን ክር ብቻ በጥሶ ክፍሎቹን መለያየት ይቻላል። ከዚያ መተርተሩ ከአንገት በኩል ይጀምራል፤ አብዛኛው ሹራብ ከታች ወደ ላይ የተሠራ ስለሆነ ከጨረሰበት ነው የሚፈታው። ሲታጠብ ተኮማትሮ እርስ በርሱ የተጣበቀ ሱፍ ጨርሶ አይተረተርም።

የወጣው ክር ሹሩባው እንደተፈታ ጠጉር ይጠማዘዛል። አንድ ልጅ ሁለት እጁን ዘርግቶ ይቀመጥና ክሩ እጆቹ ላይ ይጠመጠማል። አራት ቦታ ላላ ተደርጎ ይታሰራል፣ ይታጠባል፣ ከታች ትንሽ ክብደት ተንጠልጥሎበት ይሰቀላል። ሲደርቅ ተቃንቶ ይገኛል። በዚህ ላይ አንዴ ተሞኝቻለሁ። አንዲት ቀይ ሹራብ ለብቻዋ ሳላጥብ ከነጭ ጋር ገጣጠምኳት፤ መጀመሪያ እጥበት ላይ ብርድ ልብሱ በሙሉ ጽጌረዳ ሆኖ ወጣ።

ክሩ ምን እንደሆነ ለማወቅ ጫፉን በክብሪት መሞከር ይበቃል። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ ዐመዱ በጣት ይፈርሳል። ሰው ሠራሽ ከሆነ ይቀልጥና እንደ ዶቃ ይደርቃል። ሳልባጅ ውስጥ የሚበዛው ይኼኛው ነው። ይሞቃል፣ ቶሎም ይደርቃል፤ ግን ከከሰል ምድጃ አጠገብ አይተኛበትም።

ከተለያየ ሹራብ የመጣ ክር ቀለሙ አይገጥምም። ስለዚህ በአራት ማዕዘን ቁራጭ መሥራት ይመረጣል። ከመሀል ተጀምሮ ዙሪያውን እየሰፋ ይሄዳል። ቁራጩ በየጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ 80 ቁራጭ 1.2 በ1.5 ሜትር ብርድ ልብስ ይወጣዋል። ቀጭን ክር ሁለት ተደርቦ ይሠራል። ማገጣጠሚያው ብቻ አንድ ዓይነት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ጥቁር ከሆነ የማይጣጣመውን ሁሉ ያስታርቃል። ገንዘብ ማውጣት ካስፈለገም ለዚህ ነው።

ቁራጭ መገጣጠም ለአገሩ አዲስ ነገር አይደለም። የሸማኔው ዕቃ ጠባብ ስለሆነ ባናም የሚሠራው በቁራጭ ተሸምኖ፣ ጎን ለጎን ተሰፍቶ ነው። የመንዝን ፈትል ራሱን በኪሮሽ የሚሞክር ሰው ወፍራም መንጠቆ ይያዝ። ለአንገት በኩል ግን አያድርገው፤ ይቧጥጣል። እግር በኩል ሲሆን እሱን የሚያህል የለም።