መዳቡ በፋይበር ሲቀየር መብራት ከጠፋስ?

ጎንደር ውስጥ ፒያሳም ሆነ አዘዞ ሆቴል ወይም ቢሮ ላላችሁ፦ የመዳብ ስልክ መስመር በፋይበር ሲተካ ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው የኃይሉ ነገር ነው። የመዳብ ሽቦ ድምፅ ብቻ አይደለም የሚያመጣው፤ ከስልክ ማዕከሉ ባትሪ 48 ቮልት ያህል ኤሌክትሪክም ይዞ ይመጣል። ጎንደር ላይ መብራት ጠፍቶም አሮጌው ባለገመድ ስልክ የሚሠራው ለዚህ ነው። ፋይበር ግን የሚያስተላልፈው ብርሃን ነው። ብርሃኑን ለስልኩ ወደሚሆን ምልክት የምትቀይረው፣ ግድግዳ ላይ የምትሰቀለው ትንሿ ሳጥን ከእናንተው ሶኬት ኃይል ካላገኘች የእንግዳ መቀበያው ስልክ ዝም ይላል። ጄኔሬተር ቢኖራችሁም እስኪነሳ ድረስ መስመሩ ይቋረጣል፤ ስለዚህ ለሳጥኗ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ወዲያው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ግዙላት። ፋክስ፣ የማንቂያ ደወልና የሊፍት የአደጋ ጊዜ ስልክም ለመዳብ የተሠሩ ከሆኑ በአዲሱ መስመር እሺ ላይሉ ይችላሉ። አሮጌው ከመቆረጡ በፊት አንድ በአንድ ሞክሯቸው፤ በተለይ የሊፍቱን።