ጁሊየስ ኔሬሬ፦ ታንዛኒያን ያስተማሩት «ምዋሊሙ»

ታንዛኒያ ውስጥ «ምዋሊሙ» ሲባል «የቱ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቃሉ በስዋሂሊ መምህር ማለት ነው፤ ምዋሊሙ የሚባል ሰው በየትምህርት ቤቱ ሞልቷል። ሌላ ስም ሳይከተለው ብቻውን ሲጠራ ግን አንድ ሰው ነው፦ ጁሊየስ ካምባራጌ ኔሬሬ። ስሙ ለክብር የተለጠፈ አይደለም። ሰውየው ከምር አስተማሪ ነበሩ፤ ቤተ መንግሥት ከገቡ በኋላም ጠመኔውን ከእጃቸው ያስቀመጡ አይመስልም። መልካም ሥራቸውም ጥፋታቸውም ከዚሁ ይመዘዛል።

እ.ኤ.አ. በ1922 (እዚህ ያሉት ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከቪክቶሪያ ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ቡቲያማ በምትባል መንደር ተወለዱ። አባታቸው ዛናኪ የሚባለው አነስተኛ ሕዝብ ባላባት ነበሩ፤ ልጆቻቸው 26 ናቸው። ካምባራጌ ትምህርት ቤት የገቡት በ12 ዓመታቸው ነው። ዘግይተው ይጀምሩ እንጂ ማን ይደርስባቸዋል? ከሙሶማ ወደ ታቦራ፣ ከታቦራ ኡጋንዳ ወዳለው ማኬሬሬ ሄደው የመምህርነት ዲፕሎማ ያዙ። ጁሊየስ የሚለውን ስም ያገኙት በ1943 የካቶሊክ ጥምቀት ሲቀበሉ ነው። በ1949 ወደ ስኮትላንድ አቀኑ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ከኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ተመለሱ።

የተመለሱት ወደ ማስተማሩ ነበር፤ ዳሬሰላም አጠገብ፣ ፑጉ ወደሚገኘው የካቶሊክ ትምህርት ቤት። ፖለቲካው ግን አልለቅ አላቸው። ሐምሌ 7 ቀን 1954 ታኑ የተባለው ፓርቲ በእሳቸው መሪነት ተመሠረተ። ቀኗ ሰባተኛው ወር ሰባተኛ ቀን ስለሆነች እስከ ዛሬ «ሳባ ሳባ»፣ ሰባት ሰባት እየተባለች ትከበራለች። በዓመቱ ኒውዮርክ ሄደው ተባበሩት መንግሥታት ፊት ቀረቡ። ታንጋኒካ፣ ማለትም የዛሬዋ ታንዛኒያ ዋናው ምድር፣ በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር የነበረች አገር ስለሆነች ለአቤቱታው በር ክፍት ነበር። ሲመለሱ ትምህርት ቤቱ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ አላቸው። ሥራቸውን ለቀቁ።

የነጻነት ትግሉ ጥይት ያልተተኮሰበት በመሆኑ ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋል። እኔ ግን የ1958ቷ የታቦራ ጉባኤ ላይ ትንሽ ብንቆም እላለሁ። ቅኝ ገዢው ያወጣው የምርጫ ሕግ ጉድ ነበር፦ አንድ መራጭ ድምፁ እንዲቆጠርለት ሦስት ሰው መምረጥ አለበት፤ አንድ አፍሪካዊ፣ አንድ እስያዊ፣ አንድ አውሮፓዊ። ከሕዝቡ እጅግ የሚበዛው አፍሪካዊ ሆኖ ሳለ መቀመጫው ለሦስት ተካፈለ ማለት ነው። የታኑ አባላት በቁጣ «አንሳተፍም» አሉ። ኔሬሬ ግን ተከራክረው አሳመኗቸው። ሕጉ መጥፎ ነው፤ ሜዳውን ለቅቆ መውጣት ግን ይብሳል ነው ነገሩ። ከዚያ ታኑ በአፍሪካዊው መቀመጫ ብቻ አልተወሰነም፤ ከእስያውያኑም ከአውሮፓውያኑም መሀል ለዓላማው የቀረቡትን ደገፈ። ጠቅልሎ አሸነፈ። ሊከፋፍላቸው የተሠራው ሕግ ራሱ መሰላል ሆናቸው። ታንጋኒካ ታኅሣሥ 9 ቀን 1961 ነጻ ወጣች፤ በዚያች ሌሊት ኪሊማንጃሮ ጫፍ ላይ ችቦ ተለኮሰ።

አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ወንበራቸውን ሳያሞቁ፣ ገና በስድስተኛው ሳምንት ሥልጣን ለቀቁ። ቦታውን ለራሺዲ ካዋዋ ትተው ፓርቲያቸውን ሊያደራጁ ወደ ገጠር ወረዱ። በዓመቱ መጨረሻ አገሪቱ ሪፐብሊክ ስትሆን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመለሱ።

1964 ክፉ አመጣጥ ነበር የመጣው። በጥር ዛንዚባር ላይ አብዮት ፈነዳ፤ በሳምንቱ ደግሞ የታንጋኒካ ወታደሮች ራሳቸው አመፁ። ኔሬሬ ለጊዜው ተደበቁ፤ በመጨረሻም የእንግሊዝ ወታደር ጠርተው አመፁን አስቆሙ። ለነጻነት ታጋይ ይህ መራራ ኪኒን ነው። ከሦስት ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 26፣ ታንጋኒካና ዛንዚባር ተዋሐዱ። የዚያን ጊዜ ፎቶ ዛሬም በየቦታው ይታያል፤ ኔሬሬ ከሁለቱም አገር የመጣውን አፈር አንድ ዕቃ ውስጥ ሲቀላቅሉ። በዚያው ዓመት «ታንዛኒያ» የሚለው ስም ወጣ።

አስተማሪው በደንብ የሚታዩት ግን በጥቅምት 1966 ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብሔራዊ አገልግሎት አንገባም ብለው፣ ጋውናቸውን ለብሰው ወደ ቤተ መንግሥቱ ሰልፍ ወጡ። ከተመረቁ በኋላ ለአንድ ዓመት ተኩል በ40 በመቶ ደመወዝ መሥራት አልዋጥ ብሏቸዋል። አንዱ መፈክር ቅኝ ግዛቱ ይሻል ነበር የሚል ነበር። ኔሬሬ ወጥተው አዳመጡ። ከዚያ ቱግ አሉ። የሁላችንም ደመወዝ በዝቷል፣ የእኔም ጭምር ብለው እዚያው የራሳቸውን በ20 በመቶ ቆረጡ። ተማሪዎቹን ደግሞ፣ ወደ 400 የሚጠጉትን፣ ወደየቤታቸው አባረሩ። ራሱን የሚቀጣ መምህር ደስ ይላል፤ ክፍሉን በሙሉ የሚያባርር መምህር ግን ያስፈራል። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ግቢ ታዩ።

ብዙም ሳይቆይ፣ በየካቲት 1967፣ አገሪቱ የሶሻሊዝምን መንገድ እንድትከተል ያወጀው የአሩሻ መግለጫ ወጣ። ባንኮች በመንግሥት እጅ ገቡ። መሪ የሆነ ሰው አክሲዮን መያዝ፣ ሁለት ደመወዝ መብላት፣ ቤት ማከራየት ተከለከለ። የሥርዓቱ ስም «ኡጃማ» ሆነ፤ ቤተሰብነት እንደማለት ነው። ሐሳቡ ሰው ተሰባስቦ፣ በጋራ አርሶ፣ ትምህርት ቤቱንና ክሊኒኩን አጠገቡ እንዲያገኝ ነበር። መጀመሪያ በፈቃድ ተባለ። ገበሬው አልቸኮለም። ከ1973 ጀምሮ ግን ግዴታ ሆነ፤ በሦስትና አራት ዓመት ውስጥ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው መንደር ገባ። እኛ አገር በደርግ ጊዜ «መንደር ምሥረታ» ሲባል የሰማ ሰው የቀረውን መገመት አያቅተውም። ሰዎች በካሚዮን ተጫኑ፤ እንዳይመለሱ ጎጇቸው የተቃጠለባቸውም አሉ። ማሳው ከመንደሩ ራቀ። ድርቅ ተጨመረበትና እህል ከውጭ መግዛት መጣ።

በሌላ በኩል መንደሮቹ ትምህርት ቤት አግኝተዋል። ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሰው ቁጥር በ1980ዎቹ አፍሪካ ውስጥ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነበር። ከ120 በላይ ብሔረሰቦች ያሉባት አገር በስዋሂሊ ተግባባች። ኔሬሬ ራሳቸው ሁለት የሼክስፒር ተውኔቶችን ወደ ስዋሂሊ መልሰዋል። የቬኒሱን ነጋዴ ሲተረጉሙ ነጋዴውን «ማቤፓሪ»፣ ቡርዧዎቹ፣ አሉት። ትርጉሙ ላይም ኡጃማ ገብታለች!

ዳሬሰላም የነጻነት ታጋዮች ማረፊያ ነበረች። በ1963 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የነጻነት ኮሚቴውን እዚያ አስቀመጠ፤ የሞዛምቢኩ ፍሬሊሞም የተመሠረተው እዚያው ነው። ዛምቢያ በነጮች ከሚገዙት ጎረቤቶቿ ወደብ እንድትላቀቅ 1,860 ኪሎ ሜትር የሚሆን የባቡር መንገድ በቻይና እርዳታ ተዘረጋ። በ1978 የኡጋንዳው መሪ ኢዲ አሚን የታንዛኒያን መሬት ሲይዙ ጦሩ አባሮ ብቻ አልተመለሰም፤ ካምፓላ ገብቶ አሚንን ጣለ። ወጪው ግን የተዳከመውን ኢኮኖሚ ወገቡን ቆረጠው። ሱቅ ሄዶ ሳሙናና ስኳር ማጣት የተለመደ ሆነ።

አገር ቤት ተቃዋሚ አልተወደደም። በ1962 የወጣው ሕግ ሰውን ያለ ፍርድ ማሰር ይፈቅድ ነበር፤ ከ1965 ጀምሮ ፓርቲው አንድ ብቻ ሆነ። የትግል ጓዳቸው ኦስካር ካምቦና በ1967 ተጣልተው ተሰደዱ።

በ1985 ማንም ሳያስገድዳቸው ፕሬዚዳንትነቱን ለአሊ ሐሰን ምዊኒ አስረከቡ። ምዊኒ ገበያውን ስለከፈቱ ሕዝቡ «ምዜ ሩክሳ» አላቸው፤ አባባ ተፈቅዷል እንደማለት። የቅጽሉ ቀልድ ወደ ማን እንደተወረወረ ግልጽ ነው። ኔሬሬ የፓርቲ ሊቀመንበርነቱን በ1990 ሲተዉ፣ ራሳቸው የዘጉት የመድብለ ፓርቲ ጉዳይ ለውይይት እንዲከፈት ከገፋፉት መሀል ነበሩ፤ ሕጉ በ1992 ተለወጠ።

ከዚያ ቡቲያማ ላይ እርሻቸውን እያረሱ፣ ጠብ በተነሳበት እየተጠሩ ኖሩ። የመጨረሻ ሥራቸው ቡሩንዲን ማስታረቅ ነበር። ሳይጨርሱት ጥቅምት 14 ቀን 1999 በደም ካንሰር ለንደን ላይ ዐረፉ። አስከሬናቸው ወደ ቡቲያማ ተመልሶ እዚያው ተቀበረ። የቡሩንዲውን ድርድር ኔልሰን ማንዴላ ተረከቡት።