የታሪክ ጸሐፊው ጆን ሆፕ ፍራንክሊን፦ የሚባለውና የሆነው

የአሜሪካ ጥቁሮች የመብት ትግል ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚሉን ሰባኪዎቹ፣ ጠበቆቹና ሰልፈኞቹ ናቸው። ታሪክ ጸሐፊ ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ጆን ሆፕ ፍራንክሊንን የሚያውቁትም ቢሆኑ ግማሾቹ መዝገብ ሲያገላብጡ ያረጁ ጭምት ምሁር ያደርጓቸዋል። ግማሾቹ ደግሞ ፖለቲካን በታሪክ ስም የጻፉ ታጋይ ይሏቸዋል። ስለ እሳቸው ከሚባለው ውስጥ የማይገጥመውን እስቲ እንይ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ከቱልሳው እልቂት የተረፉ ናቸው»

ይህ ዝም ብሎ የመጣ ወሬ አይደለም። በ1921 በኦክላሆማ ግዛት፣ ቱልሳ ከተማ፣ የነጭ መንጋ ግሪንውድ የተባለውን የጥቁሮች ሰፈር አቃጠለ፤ ሰው ገደለ። ፍራንክሊን ግን ያኔ የ6 ዓመት ልጅ ነበሩ። ከእናታቸው ጋር የሚኖሩትም ሬንቲስቪል በምትባል ትንሽ የጥቁሮች መንደር ነበር። ቱልሳ የነበሩት አባታቸው ናቸው። ጠበቃው ባክ ኮልበርት ፍራንክሊን ሥራ ጀምረው ቤተሰቡን ሊያስመጡ ቀድመው ሄደው ነበር። ቢሯቸው ሲቃጠል ድንኳን ተከሉ። እዚያው ድንኳን ውስጥ የተጎጂዎችን ጉዳይ መያዝ ጀመሩ። ቤተሰቡ ቱልሳ የገባው ከ4 ዓመት በኋላ፣ በ1925 ነው።

«ከልጅነታቸው ጀምሮ ታሪክ ወዳድ ነበሩ»

ኧረ በጭራሽ። ሐሳባቸው እንደ አባታቸው ጠበቃ መሆን ነበር። ናሽቪል የሚገኘው ፊስክ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ግን ቴዎዶር ከሪየር የተባሉ ነጭ የታሪክ መምህር ልባቸውን ወሰዱት። ከዚያ ሃርቫርድ ተቀበላቸው። ችግሩ ገንዘብ ነው፤ ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ነበር። ከሪየር ራሳቸው 500 ዶላር ተበድረው ተማሪያቸውን ላኩ። ፍራንክሊንም በ1941 ዶክትሬታቸውን ያዙ።

«መዝገብ ማገላበጥ ከትግሉ የራቀ፣ ጸጥ ያለ ሥራ ነው»

እዚህ ላይ ቆም እንበል።

በ1939 ፍራንክሊን ለዶክትሬት ጽሑፋቸው ራሌይ ወደሚገኘው የኖርዝ ካሮላይና ቤተ መዛግብት ሄዱ። የሚያጠኑት ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በፊት በዚያ ግዛት ስለነበሩት፣ ባሪያ ስላልነበሩት ነጻ ጥቁሮች ነበር። ያኔ በደቡብ ግዛቶች ጥቁርና ነጭ በሕግ የተለያየ ነበር። ኃላፊው ሕንጻው ሲሠራ ጥቁር ተመራማሪ ይመጣል ተብሎ እንዳልታሰበ ነገሯቸው። ጥቂት ቀን ይጠብቁ ተባሉ። ሲመለሱ ለብቻቸው አንዲት ክፍል ተዘጋጅታለች። ጠረጴዛና ወንበርም ተደርጎባታል።

የሚገርመው ግን ቁልፉ ነው። ነጮቹ ሠራተኞች ለጥቁር መዝገብ አናመላልስም ቢሉስ ተብሎ ተሰጋ። ስለዚህ የመዝገብ ማከማቻው ቁልፍ ለራሳቸው ለፍራንክሊን ተሰጠ። ገብተው የፈለጉትን ያወጣሉ። ሌላው ተመራማሪ ወረቀት ሞልቶ ተራ ሲጠብቅ እሳቸው ጋሪ ሙሉ መዝገብ እየገፉ ይወጣሉ። ሁለት ሳምንት አልቆየም። ነጮቹ ተመራማሪዎች አድልዎ ተፈጸመብን ብለው አቤት አሉ! ቁልፉ ተወሰደ። ከዚያ በኋላ ፍራንክሊን እንደማንኛውም ሰው መዝገቡን በሠራተኛ እያስመጡ መሥራት ጀመሩ። የዘር መለያየት ሕግ በገዛ እግሩ ተጠልፎ ሲወድቅ ማየት ለፈለገ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በ1945 ደግሞ ወደ ሉዊዚያና ሄዱ። የግዛቲቱ ቤተ መዛግብት ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድል በዓል ለአንድ ሳምንት ተዘግቶ ነበር። በደህናው ቀን ጥቁር እዚያ ገብቶ እንዲያነብ አይፈቀድም። ኃላፊው ግን ቤቱ ባዶ ስለሆነ መጥተው ይሥሩ አሏቸው። የሚያይ ሰው ከሌለ ሕጉም እረፍት ላይ ነው ማለት ነው። እንግዲህ አንድ የግርጌ ማስታወሻ ለመጻፍ የሚከፈለው ዋጋ ይህን ያህል ነበር።

«በትምህርት ቤቶች መለያየት ላይ የተገኘው ድል የታሪክ ጸሐፊዎቹ ማስረጃ ውጤት ነው»

ይህን የሚሉት ደጋፊዎቻቸው ናቸው፤ ትንሽ አጋነውታል። በ1953 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ጥቁርና ነጭ ልጆች በተለያየ ትምህርት ቤት እንዲማሩ መደረጉን በተቃወመው «ብራውን» በተባለው ክስ ላይ አንድ ጥያቄ አቀረበ። በ1868 የጸደቀውን፣ ለሁሉም እኩል የሕግ ጥበቃ የሚሰጠውን 14ኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ያወጡት ሰዎች ስለ ትምህርት ቤት መለያየት ምን አስበው ነበር? ይህ እንግዲህ ጠበቃ ብቻውን የሚመልሰው አይደለም። የጥቁሮቹን ወገን የሚመሩት ተርጉድ ማርሻል ታሪክ ጸሐፊዎችን ሰበሰቡ። ፍራንክሊን ያኔ ዋሽንግተን፣ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነበር የሚያስተምሩት። በየሳምንቱ ኒውዮርክ እየተመላለሱ ከማርሻል ጠበቆች ጋር ሠሩ። (በነገራችን ላይ በዚያው የታሪክ ክፍል ስለ ጥንታዊት ኢትዮጵያ ያስተምሩ የነበሩት ሊዮ ሃንስበሪም ነበሩ።)

ግንቦት 17 ቀን 1954 ዘጠኙ ዳኞች በአንድ ድምፅ መለያየቱን ሻሩት። ነገር ግን የታሪኩ ማስረጃ ቁርጥ ያለ መልስ አይሰጥም ብለው በውሳኔያቸው ጻፉ። ለእኔ ይህ ሥራውን አያሳንሰውም። ታሪክ ለመለያየት ይመሰክራል ሲል የነበረው ተከራካሪ ወገን ያን መደገፊያ አጥቷል።

«ስለ ጥቁሮች ብቻ የጻፉ ሰው ናቸው»

በጣም የታወቀው መጽሐፋቸው በ1947 የወጣው «ከባርነት ወደ ነጻነት» ስለሆነ እንዲህ ቢባል አይገርምም። ከአፍሪካ ተነስቶ እስከ ራሳቸው ዘመን ይዘልቃል፤ ከ3 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። እሳቸው ግን ራሳቸውን ይቆጥሩ የነበረው የአሜሪካ ደቡብ ታሪክ ጸሐፊ አድርገው ነው። በ1956 ያሳተሙት መጽሐፍ የደቡቡ ነጮች ጠብመንጃና ጦርነት ወዳድነት ከየት እንደመጣ የሚመረምር ነው። በኋላም የደቡብ ታሪክ ማኅበርን፣ በ1979 ደግሞ የአሜሪካ ታሪክ ማኅበርን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። በ1965 በአላባማ ግዛት ለጥቁሮች የመምረጥ መብት ከሴልማ ወደ ሞንትጎመሪ በተደረገው ሰልፍ ከሌሎች ታሪክ ጸሐፊዎች ጋር ሄደው ተሰልፈዋል። ቤታቸው ሲገቡ ደግሞ ኦርኪድ የተባለውን አበባ ያሳድጉ ነበር፤ በስማቸው የተጠራ የኦርኪድ ዓይነትም አለ።

«ተማር እንጂ ቆዳህን ማንም አያይብህም»

ውጭ አገር ያለን አበሾች ልጆቻችንን ስንመክር ይህችን እንወዳታለን። የፍራንክሊን ሕይወት ግን እንዲህ አይልም።

በ1941 ጃፓን ፐርል ሃርበር የሚገኘውን የአሜሪካ የባሕር ኃይል ሰፈር ከመታች በኋላ ለባሕር ኃይሉ የቢሮ ሥራ ሊመዘገቡ ሄዱ። ታይፕ ይችላሉ፣ የሃርቫርድ ዶክትሬት አላቸው። መልማዩ ከቀለማቸው በቀር ሁሉንም እንደሚያሟሉ ነገራቸው። በ1956 ብሩክሊን ኮሌጅ የታሪክ ክፍል ኃላፊ አድርጎ ሾማቸው። ጥቁር ሰው ነጮች በሚበዙበት ኮሌጅ እንዲህ ያለ ቦታ ሲይዝ የመጀመሪያው ነበርና ኒውዮርክ ታይምስ በፊት ገጹ ፎቷቸውን አወጣ። ከዚያ ኮሌጁ አካባቢ ቤት ፍለጋ ወጡ። ደላላው ቤት አያሳይም፣ አበዳሪው ብድር አይሰጥም። ጋዜጣ ላይ የወጣው ሰውዬ ቤት እስኪያገኝ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀበት።

ያ ድሮ ነው ይባል ይሆናል። መስከረም 1995፣ ፍራንክሊን 80 ዓመታቸው ነው። በማግሥቱ ከፕሬዚዳንት ክሊንተን እጅ ለሲቪል የሚሰጠውን የአገሪቱን ትልቁን ሜዳልያ ሊቀበሉ ነው። ማታ ዋሽንግተን ኮስሞስ ክለብ ለወዳጆቻቸው ራት ጋበዙ። ክለቡ በ1962 የተቀበላቸው የመጀመሪያው ጥቁር አባል እሳቸው ናቸው። እንግዶቻቸውን ሊቀበሉ ሲወርዱ አንዲት ነጭ ሴት ጠራቻቸው። የካፖርት ማስቀመጫ ቁጥሯን ዘርግታ ካፖርቴን አምጣልኝ አለቻቸው። ፍራንክሊንም ዩኒፎርም ከለበሱት ሠራተኞች ለአንዱ ብትሰጠው ካፖርቷን እንደምታገኝ ነገሯት፤ ወደ እንግዶቻቸውም ሄዱ።