ሳይድሎዲንግ ምንድን ነው?

ቴሌግራም ላይ የተላከላችሁን የኤፒኬ ፋይል (የአንድሮይድ አፕ መጫኛ) ነክታችሁ አፕ ጭናችሁ ታውቃላችሁ? ወይስ ዳታ ለመቆጠብ ከጓደኛ ስልክ በዜንደር ጨዋታ ተቀብላችኋል? እንግዲያው ሳይድሎዲንግ አድርጋችኋል። አፕን ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር ውጭ አምጥቶ መጫን ማለት ነው። እኛ ዘንድ ተራ ነገር ነው። አሜሪካና አውሮፓ ግን ትልልቆቹን ኩባንያዎች ለዓመታት ያካሰሰ ጉዳይ ሆኗል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የጠቡ መነሻ ገንዘብ ነው። አፕል መደብሩን በ2008 ሲከፍት ከሽያጩ 30 በመቶ ለራሱ መውሰድ ጀመረ፤ ጉግልም ተከተለው። ኋላ ላይ ለአነስተኛ ዴቨሎፐሮች (አፕ ሠሪዎች) 15 በመቶ ሆኗል። በ30 በመቶው ስሌት ጨዋታ ውስጥ የ10 ዶላር ዕቃ የገዛ ሰው 3ቱን ዶላር ለመደብሩ ከፈለ ማለት ነው። አይፎን ላይ ሌላ መደብር ስላልነበረ፣ ይህ የበዛበት ዴቨሎፐር የሚሄድበት አልነበረውም።

አንድሮይድ ግን እንደ አይፎን አልተዘጋም። ፕሌይ ስቶርን ያልወደደ ከሌላ ቦታ መጫን ይችላል፤ ጉግልም በተከሰሰ ቁጥር የሚያነሳው ይህንን ነው። ፎርትናይት የተባለው ጨዋታ ባለቤት ኤፒክ ጌምስ በኦገስት 2018 ይህንኑ መንገድ ሞከረው። ጨዋታውን ፕሌይ ስቶር ሳያስገባ ከራሱ ድረ ገጽ ማደል ጀመረ። ተጫዋቹ ፋይሉን አውርዶ ሲነካው ስልኩ ምንጩ ያልታወቀ አፕ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ያስጠነቅቀዋል። ሴቲንግ ገብቶ ፈቃድ መስጠት፣ ተመልሶ ደግሞ ፋይሉን መንካት አለበት። ያን ያህል ተፈላጊ ጨዋታ ይዞ እንኳ ኤፒክ አልዘለቀውም፤ በኤፕሪል 2020 እያጉረመረመ ፕሌይ ስቶር ገባ። በዚያው ዓመት ኦገስት የራሱን መክፈያ ጨዋታው ውስጥ ሲከት አፕልም ጉግልም በአንድ ቀን አስወጡት፣ እሱም ሁለቱንም ከሰሰ።

የሚገርመው የፍርዱ ውጤት ነው። ሙሉ በሙሉ የዘጋው አፕል በ2021 አብዛኛውን ክስ ረታ፤ የታዘዘው በዋናነት ዴቨሎፐሮች ደንበኛን ወደ ውጭ መክፈያ እንዳይጠቁሙ መከልከሉን እንዲተው ነበር። ክፍት ነኝ ያለው ጉግል ግን በዲሴምበር 2023 በዳኞች ጉባኤ (ጁሪ) ተረታ። ጉግል ከስልክ አምራቾችና ከጨዋታ ኩባንያዎች ጋር ገቢ እየተካፈለ ተፎካካሪ መደብር እንዳያድግ ማድረጉ በችሎቱ ተነስቶበታል። በእኔ እይታ ፍርዱ ትክክል ነው። ሰው አንድ አፕ ለመጫን ማስጠንቀቂያና ፈቃድ እየደጋገመ ማለፍ ካለበት፣ አጠገቡ ደግሞ በአንድ ንክኪ የሚጭን መደብር አብሮ ከተሸጠለት፣ ምርጫ አለህ ማለት ለወጉ ያህል ነው።

ማስጠንቀቂያው ሁሉ ሰበብ ነው ማለት ግን አይደለም። የኤፒክ መጫኛ ራሱ በ2018 ክፍተት ተገኝቶበት ነበር፦ ስልኩ ላይ ያለ ሌላ ተንኮለኛ አፕ የወረደውን ፋይል በራሱ ፋይል ሊተካው ይችል ነበር። ክፍተቱን ያገኘው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጉግል። ኤፒክ ወዲያው ደፈነው፣ ነገር ግን ችግሩ የእውነት ነበር።

ለእኛ የሚጠቅመው መከላከያ ሌላ ቦታ ነው። አንድሮይድ የእያንዳንዱን አፕ ሠሪ ዲጂታል ፊርማ ይመዘግባል። የአንድ አፕ አዲስ ቨርዥን ነው ተብሎ የመጣ ፋይል ፊርማው ከነበረው ጋር ካልገጠመ አይጫንም። ስለዚህ ላኪው «መጀመሪያ የነበረውን አጥፋና ይሄን ጫን» ካላችሁ፣ በአብዛኛው ፋይሉ ከዋናው ሠሪ እጅ አልወጣም። የባንክ አፕ ከሆነማ እዚያው ማቆም ነው።

አይፎን ላይ ነገሩ የተለወጠው በፍርድ ቤት ሳይሆን በሕግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል ገበያ ሕግ ከማርች 2024 ጀምሮ አፕል ሌሎች መደብሮችን እንዲፈቅድ አስገደደው፤ አልትስቶር ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ፍራንክፈርት ያለ ዘመዳችሁ ይህንን ይጠቀማል፣ ዋሽንግተንና አዲስ አበባ ያለው አይችልም። የፍራንክፈርቱም ቢሆን ከኅብረቱ አገሮች ውጭ ከ30 ቀን በላይ ከቆየ፣ ከዚያ መደብር የጫናቸው አፖች መሥራታቸው ባይቀርም ማዘመን አይችልም። ክረምቱን አገር ቤት ለሚያሳልፍ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ደግሞ ጉግል ከፕሌይ ስቶር ውጭ የሚያድል ዴቨሎፐርም ማንነቱን እንዲያስመዘግብ ሊጠይቅ ነው። በ2025 ባወጣው ዕቅድ መሠረት ከሴፕቴምበር 2026 ጀምሮ በብራዚል፣ በኢንዶኔዥያ፣ በሲንጋፖርና በታይላንድ ይጀመራል፤ ሌላው ዓለም ከዚያ በኋላ ይከተላል። ተቃውሞ ሲበዛበት ለተማሪዎች ቀለል ያለ ምዝገባ፣ አደጋውን አውቆ ለሚጭን ተጠቃሚም የተለየ መንገድ አዘጋጃለሁ ብሏል። አጭበርባሪን ሊያስቸግር ይችላል። ግን ከፕሌይ ስቶር ጋር የሚፎካከር ሰው ማን እንደሚሆን የሚመዘግበው ያው ጉግል ነው። ያ ልዩ መንገድም ስንት ማስጠንቀቂያ እንደሚኖረው የሚወስነው እሱው ነው።