ኦአርኤስ (ተቅማጥ ሲይዝ በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣው የጨውና የስኳር ዱቄት) ውስጥ ስኳር ለምን ይገባል?

ብዙ ሰው ስኳሩ ለጣዕም ወይም ለጉልበት ይመስለዋል። ዋና ሥራው ግን የጨው አካል የሆነውን ሶዲየም ከአንጀት ወደ ሰውነት ማስገባት ነው። የአንጀት ሕዋስ ሽፋን በሁለት ረድፍ ከተደረደሩ የስብ ሞለኪውሎች የተሠራ ነው፤ ኦክስጅን በቀላሉ ያልፈዋል፣ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያለው ሶዲየም ግን ስቡን አልፎ መግባት አይችልም። ሽፋኑ ላይ የተሰካ ኤስጂኤልቲ1 የሚባል ፕሮቲን አለ፤ እሱ አንድ ግሉኮስ (ኦአርኤስ ውስጥ ያለው ስኳር) ሲያገኝ ሁለት ሶዲየም አብሮ ያስገባል፣ ውኃውም ይከተላል። የሚደንቀው፣ ኮሌራ አንጀት ውኃ እንዲያፈስ እያደረገ እንኳ ይህን መግቢያ አለመዝጋቱ ነው። የብዙ ሕፃናት ሕይወት የተረፈው በዚሁ ነው!

ታዲያ ስኳር ሲበዛ ይሻላል ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ሶዲየሙንም ግሉኮሱንም በሊትር 75 ሚሊሞል (የቅንጣት ብዛት መለኪያ) ያደርጋል። ከዚያ በላይ የተጨመረ ስኳር ሳይመጠጥ አንጀት ውስጥ ከቀረ ውኃን ከሰውነት ወደ ራሱ ይስባል፤ ተቅማጡ ይብሳል። እባካችሁ፣ ልጁ እንዲወደው ብላችሁ አታጣፍጡት።